ዳቦው ጠረጴዛው ላይ እያለ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም በሩ ላይ የቆምሽው፣ ግቢና ቁጭ በይ፤ የቆመ ሰው ጨዋታ አይሰማም፣ የሚሰማው የእግሩን ድካም ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንዲት ልብስ ሰፊና የባሏን የአንድ ቀን ነገር ነው። ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። ግን ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ደጋግሜ አላምጠዋለሁ።

ነገሩ በዳቦ ነው የጀመረው። ሙሉ ዳቦ፣ ገና ያልተቆረሰ፣ በፎጣ ተሸፍኖ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል። ባልየው ኮፍያውን ከሚስማሩ ላይ አነሣ፣ የጫማውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ፣ ከዳቦው በላይ አሻግሮ ሚስቱን አያትና፣ «ዳቦ ልግዛ፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ። እሷ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለነበር አልመለሰችለትም። ሰው ዳቦ ፊቱ ተቀምጦ ዳቦ ልግዛ ካለ፣ ወይ ዓይኑን አሞታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

ቤቱስ ከጠዋት ጀምሮ ልክ አልነበረም። ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ባልየው ከጥቂት ወራት ወዲህ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ይወጣና፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ዳቦውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ግንባሩ በላብ እያበራ ይመለሳል። ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሱ የሚቆይበት ጊዜ ግን ዳቦ መግዣ ሳይሆን ስንዴውን ዘርቶ ማጨጃ ነው። የዛን ዕለት ዝናቡ አስቀረው። የመስኮቱን ጉም በእጅጌው እየጠረገ፣ ጨዋታ እንደተከለከለ ሕፃን ውጭውን ሲያይ አረፈደ። ዳቦውንም እሷው ራሷ ከጎረቤት ሱቅ ገዝታ አስቀመጠችው። አየውና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። አየችውና እሷም ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በዚያ ቤት የሚጠየቅና የማይጠየቅ ነገር ድንበር አለው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ የክር ጥቅሎቹና ካውያው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋቸው። ግድግዳው ላይ ባልየው ፖስተኛ በነበረበት ዘመን ይሸከመው የነበረው የቆዳ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ አሁን የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል። ልጆቻቸው የየራሳቸውን ጎጆ ከያዙ ወዲህ ሁለቱ በዚህች ክፍል ውስጥ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ተላምደው ተቀምጠዋል። መኪናዋ ትናገራለች፣ ሬዲዮኑ ይመልሳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ድንበሩን ጥሳ ጠይቃው ታውቃለች። ጉልበቷ ሲያስቸግራት ሐኪሙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፣ ብቻዎን ግን አይሁን ብሏት ነበር። ሲመሽ ክር እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ አብረን ብንወጣ ምን ይመስልሃል አለችው። «ተይኝ እባክሽ» አላት፤ «መንገድ በቃኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው የኖርኩት አይበቃም?» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። አልተጨቃጨቀችም። ለነገሩ ድሮም አብረው ሄደው አያውቁም። ገበያ ሲወጡም፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱም እሱ ፊት ፊት ይበራል፣ እሷ ከኋላ ታነክሳለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ፣ የሰዓት ሠሪውን መስኮት እያየ፣ መጠበቅ እንደሰለቸው ሰው ቆሞ ታገኘዋለች። የሰፈሩ ሰው «ጥይቱ» ይለዋል። እሷም በሆዷ፣ ልክ ናቸው፣ ጥይት አንዴ ከወጣ የኋላውን አያይም ትላለች።

እንግዲህ የዛን ዕለት፣ ባልየው ዳቦውን አሻግሮ ከማየቱ በፊት፣ እኩለ ቀን ላይ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ የስፖርት ሱሪ ይዛ መጣች። እሱ ጓሮ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበር። ሱሪው ረዝሞ እየረገጠችው ልትደፋ ደርሳለች። ዋጋ ተነጋገሩ። ነርሷ ክርም ተወደደ እንዴ አለች፤ ሰፊዋም ሰው ካልሆነ በቀር ያልተወደደ ምን አለ ብላት ተሳሳቁ። ለዛሬ ይድረስልኝ አለች ነርሷ፤ ሜዳው ዳር አብረው የሚራመዱ ሰዎች አሉ፣ ጠዋት ዝናቡ ስላስቀራቸው አመሻሽ ላይ ነው የሚገናኙት። ወሬኛ ሆና አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው አፉ አይዘጋምና ቀጠለች። ብቻዋን ስትጀምር ሳምንት ሳይሞላት ትተወው ነበር። አሁን ግን ብትቀር ይፈልጓታል፣ ስለዚህ አትቀርም። ፀጉር አስተካካዩ ሲጋራ ያቆመው እዚያ ነው። እሷም ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ መናገር የለመደችው እዚያ፣ እነሱ ፊት እየተለማመደች ነው።

«ደግሞ ጋሼ ፖስታ አሉልን» አለች እየሣቀች። «ሁሌ ፊት ፊት የሚሄዱ። እሳቸው ባይኖሩ ግማሻችን ድሮ ተበትነን ነበር።»

የስፌት መኪናዋ ቆመች። «ፊት ፊት?»

«ሁሌ፣ እማማ። ማንም አይቀድማቸውም።»

ሰፊዋ ባሌ ነው አላላትም። ለምን እንዳላለቻት አሁንም አታውቀውም። ነርሷ ከሄደች በኋላ ሱሪውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁጭ አለች። መንገድ በቃኝ ያለው ሰው፣ መንገድ የበቃው ለእሷ ነው ማለት ነው። ለሌላው አልበቃውም። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ትናደዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ምን እንደያዛት ታውቃለች። አሥር ይሁኑ አሥራ አምስት በማታውቃቸው ሰዎች፣ ሲጋራ ባቆመ ፀጉር አስተካካይ ላይ ግን እንዴት ይቀናል? ይህን እያሰበች ሳለ ነው ባልየው ባልዲውን አስቀምጦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሬዲዮኑን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆይቶ፣ የተሸፈነውን ዳቦ እያየ ዳቦ ልግዛ ያለው።

ሱሪውን ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አጠፈችው፣ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ለወጠች። ዱላ መያዝ አትወድም፤ ዱላ እርጅና ነው። የጨርቅ መለኪያው እንጨት ግን ሥራ ነው። እሱን ተመርኩዛ ወጣች። ሰው ቢጠይቃት ሱሪ ላደርስ ነው ትላለች፤ ውሸትም አይደለም። መንገዱ ገና አልደረቀም። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ወደ አጥሩ ትጠጋለች፣ ጉልበቷን ትሰማዋለች፣ ቆም ትላለች፣ ትቀጥላለች። እየሄደች የምትናገረውን ትደረድራለች። መጀመሪያ ይህን እለዋለሁ፣ ቀጥሎ ያንን። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የደረደረችው ሁሉ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣብቆባት የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ጠፋት።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎንብሷል። ባሌ በዚህ አለፈ ወይ አለችው።

«አሁን ነው የተነሣው» አለ ቀና ሳይል። «በርጩማው ገና አልቀዘቀዘም።»

ከመስታወት ሣጥኑ ጎን አንዲት በርጩማ አለች። ሰፊዋ በርጩማዋን አየች። ባሏ ቤት ውስጥ እንኳ ለምሳ ካልሆነ አይቀመጥም። ተቀምጦ ነበር እንዴ አለች፣ ሌላ ሰው እንዳይሆን ብላ። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አወለቀና፣ ክዳኑ በተሳሳተ በኩል እንደተከፈተ ሰዓት አያት። ሁሌ ይቀመጣል እኮ፣ አላት፤ አንቺ አብረሽው ስትሆኚማ ሮጦ ይደርስና ይቀመጣል፣ አንቺ ብቅ ስትዪ ብድግ ብሎ መስኮቱን ማየት ይጀምራል። ስንት ዘመን ሲያይ አንድ ሰዓት ገዝቶኝ አያውቅም አለና ሣቀ። እሷም ሣቀች፣ በምን እንደምትሥቅ ሳይገባት። ከዚያ ጉልበቷን አሳርፋ ትንሽ ተቀመጠች። እውነትም በርጩማው ገና ሙቀት ነበረው። ሰው አርባ ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው ሙቀት ሰው ሱቅ ደጅ ላይ ሲያገኘው ምን ይባላል? እኔ አላውቅም፣ እሷም አላወቀችም።

ሜዳው የትምህርት ቤት ጓሮ ነው፣ ዙሪያውን በተረገጠ ቀይ አፈር የተከበበ። ሰፊዋ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ግድግዳ ጥግ ቆመች። ወዲያ ማዶ ሰዎች በሰልፍ ይመጣሉ፣ ፊታቸው ላይ ባሏ፣ ኮፍያው ወደ ኋላ ተገፍቶ። ግን አልበረረም። እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ይራመድ ነበር። አንድ ይረግጣል፣ ያስባል፣ ሌላውን ይረግጣል። ከኋላው ባታቸው የጠነከረ ወጣቶች፣ ሆዳቸው የገፋ ጎልማሶች፣ ሁሉም እርምጃቸውን አሳጥረው፣ አንዳቸውም ሳይቀድሙት፣ እያወሩ ይከተሉታል። ያን ጊዜ ነው ንዴቷ ልኩን ያገኘው። ቀስ ማለት ይችላል ማለት ነው። ለማያውቃቸው ሰዎች እንዲህ መሄድ የሚችል ሰው፣ ያን ሁሉ ዘመን እሷን አስከትሎ ሲያስነክሳት ኖረ።

ነርሷ አየቻትና እየሮጠች መጣች። ሱሪዋን ስትጠብቅ ኖሯል፣ የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች ናት። ሱሪውን ከመቀበሏ በፊት ወደ ሰልፉ እያሳየቻት ጋሼ ፖስታን አዩዋቸው፣ ደስ አይሉም አለች።

«ምነው እንዲህ ቀሰስ አሉ?» አለች ሰፊዋ።

ነርሷም ደረታቸውን ነው አለቻት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እንደሆነ አድርጋ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቆይቷል ከጀመራቸው። የእኛ ሕግ ደግሞ አንድ ናት፤ ከሁሉ ቀስ የሚለው ሰው ፊት ይሄዳል፣ ሌላው በእሱ ልክ ይራመዳል። ፈጣኑ ፊት ከሆነ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቀረ ሰው ደግሞ በማግሥቱ አይመጣም። ጋሼ ፖስታ መጀመሪያ ፊት ሲደረጉ አለቃ የተሾሙ መስሏቸው ነበር፤ እጃቸውን እያወዛወዙ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል ሲሉን ከረሙ። ነገሩ የገባቸው ቀን ተቀይመው ጠፉ። ሰንብተው መጡ። ምነው ተመለሱ ስንላቸው፣ «ከኋላዬ ሆናችሁ ስተነፍስ ሰምታችሁ የማትሥቁ ሰዎች ናችሁ» አሉን።

ሰፊዋ መለኪያዋን በሁለት እጇ ያዘች። በርጩማው። መስኮቱ። አርጩሜ እንደሚያሳድደው ሰው ከፊቷ እየበረረ መጥፋቱ። ወደ ግድግዳው ዞሮ መተኛቱ። እሷ ጀርባውን እያየች ኩራት ስትቆጥርበት የኖረችው፣ እሱ ለካ እሷ ሳትደርስ የሚቀመጥበት እየፈለገ ነበር። ታዲያ ይኼ የሚያሳዝን ነው ወይስ የሚያናድድ? ጎኗ ተኝቶ ከእሷ የደበቀውን ትንፋሽ ሜዳ ሙሉ ሰው ያውቀዋል። ንዴቷ ቅድም መያዣ አግኝቶ ነበር፣ አሁን እንደገና አመለጣት።

ሰልፉ ደረሰና ሰዎቹ አጥሩ ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ ከግድግዳው ወዲህ ናት፣ አያዩዋትም፣ እሷ ግን ትሰማቸዋለች። ሲያርፉ የሚያደርጉት ልማድ አላቸው፤ እያንዳንዱ እስካሁን ያቃተውን አንድ ነገር ይናገራል። ማንም አይመክረውም፣ ይሰሙታል ብቻ፣ ሲገናኙ ደግሞ ያን ነገር ምን አደረስከው ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ደገፍ አድርጎ ወደ ባሏ ዞረ።

«ጋሼ ፖስታ፣ ነገሯቸው?»

«ለማን?»

«ለማን ይላሉ ደግሞ። ለቤቱ አዛዥ ነዋ።»

ባልየው ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ዛሬ ልነግራት ነበር» አለ። «ኮፍያዬን አነሣሁ፣ አየኋት፣ አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ዳቦ ልግዛ አልኳት። ዳቦው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

አግዳሚው በሣቅ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ወጣት ሣሩ ላይ ተኝቶ ሣቀ። ዳቦ ቤቱ በእርስዎ ፎቅ ሠራ አለው ፀጉር አስተካካዩ። ባልየውም አብሯቸው ሣቀ፣ ሣቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ እስኪያልፍለት ሁሉም ጠበቁት።

«ክፉ ሴት ሆና አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ጥይቱ ሲባል ስትሰማ የኖረችን ሴት፣ ባዶ ቀለህ ነኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራት? ጉልበቷን ሲያማት አብረን እንውጣ ብላኝ ነበር። ብወጣ ታውቅብኛለች። መንገድ በቃኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ያን ሌሊት እንቅልፍ ያልወሰደኝ በደረቴ አልነበረም።»

ማንም አልሣቀም። ነርሷ ሰፊዋን አየች፣ መለኪያውን አየች፣ ባልየውን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰፊዋ ከግድግዳው ጥግ ወጣች። ልትሄድ ይሁን ልትገባ ራሷም አልወሰነችም፤ እግሯ ነው የወሰነላት። ከስድቡም፣ ከልቅሶውም፣ ከሣቁም አንዱን መምረጥ አቅቷት፣ መጀመሪያ በእጇ የነበረውን ሱሪ ለነርሷ ዘርግታ ደርሷል አለቻት። ቀጥሎ ባሏን ሳታየው ተናገረች።

«ዳቦው አልተቆረሰም።»

ባልየው ከአግዳሚው ተነሣ። ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀው። «በምን መጣሽ?» አላት።

«በእግሬ።»

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ፣ እሱ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ መኪናዋ ትዞር ነበር። እዚያ ግን ግድግዳም መኪናም የለም፣ ሰው ነው ያለው። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እትዬ፣ ሕጋችንን ሰምተዋል ወይ አላት። ሰምቻለሁ አለች። እንግዲያው አንድ ዙር ቀርቶናል፣ ፊት የማን ነው አለ። ሁሉም ወደ ሁለቱ አዩ፣ ወደ ጉልበቷና ወደ ደረቱ።

«የእኔ ነው» አለ ባልየው።

«በዚህ ጉልበት? የእኔ ነው እንጂ።»

«በስንት መከራ ያገኘኋትን ሹመት ልትነጥቂኝ ነው?» አላት። አፉ ዳር ላይ እሷ ለዓመታት ያላየችው ነገር ብቅ አለና ጠፋ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ በኮፍያው መንገዱን አሳያት።

ገባች። መለኪያዋን እየተመረኮዘች ቀዩን አፈር ያዘች። ከኋላዋ ሰው ሲከተላት በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጀርባዋ ምን እንደሚመስል ጨነቃት፣ የቀሚሷን ስፌት አሰበች። ማንም አልቀደማትም። ቀስ በቀስ የእግራቸውን ኮቴ ለመደችው፣ ወጣቶቹ እንኳ እንደ እሷ አንዱን እግራቸውን ዘግየት አድርገው የሚጥሉ መሰላት። ጉልበቷ አሟታል፣ ግን ብቻዋን አላመማትም፣ እንዲህ ነው የሚባለው ከሆነ። ከዚያ ከኮቴው መሀል ሌላ ነገር ሰማች። ዘይት እንዳጣች የስፌት መኪና፣ ተወጥራ፣ ያዝ አድርጋ፣ እንደገና የምትለቅ። የባሏ ትንፋሽ ነው፤ ቀና ብሎ፣ ሳይደብቀው ይተነፍስ ነበር። ይህን ድምፅ አታውቀውም። አርባ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝታ አታውቀውም። እርምጃዋን ቀነሰች፤ ትንፋሹ ረገበ። ትንሽ ፈጠን አለች፤ ተወጠረ። መልሳ ቀነሰች። እንዲህ እያለች፣ እግሯ የእሱን ደረት እየሰፋ ይመስል፣ ዙሩን ጨረሰች። ተናዳለች ወይ? ተናዳለች። ነገ እንደምትናደድበት ለራሷ ነገረች። ታዲያ ዓይኗን የሚያቃጥላት ንዴቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ እሱን ለይታ አልነገረችኝም።

ሲመለሱ ጎን ለጎን ነበሩ። ማን ፊት እንደሚሆን አላወቁበትም፤ አንዴ እሱ ሲቀድም ቆም ይላል፣ አንዴ እሷ ስትቀድም ቆም ትላለች። መታጠፊያው ላይ ሰዓት ሠሪው አያቸውና በርጩማዋን በእግሩ ገፋ አደረገላቸው። አንድ ናት፣ ሁለት ሰው አትይዝም። አንቺ ተቀመጪ አላት፤ አንተ ተቀመጥ አለችው። ተግደርድረው ተግደርድረው እሱ ተቀመጠ፤ እሷ መለኪያዋን ተደግፋ ቆመች፣ እንደ ሰለቸው ሰው የሰዓቱን መስኮት እያየች። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ገባና ሌላ ዳቦ ይዞ ወጣ። ምን ያደርግልናል ስትለው፣ ልግዛ ብዬ ወጥቼ ባዶ እጄን ብመለስ ውሸታም እባላለሁ አላት።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዳቦ ነበር። የትናንቱ ሳይሆን የዛሬው ይቆረስ ስትል ሁለቱም የዛሬ መሆናቸው ትዝ አላት። ሬዲዮኑን ማንም አልከፈተውም። አንዱን ቆርሳ ሰጠችውና፣ ቀና ብላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሳይዞር መናገር ጀመረ።

የነገራትን እኔ አልሰማሁም፤ የእነሱ ነው። አሁንም ሜዳው ላይ አንዳንዴ እሷ፣ አንዳንዴ እሱ ፊት ይሆናሉ አሉ፤ በዚህም ይጨቃጨቃሉ። እናንተ ግን ልጆቼ፣ አንዲት ነገር አደራ። ከቤታችሁ ሰው መሀል ሁልጊዜ ጥሏችሁ ፊት ፊት የሚሄድ ካለ፣ ልባችሁ ከመቀየሙ በፊት፣ መታጠፊያው ላይ አንዲት በርጩማ ልትኖር እንደምትችል አስታውሱልኝ።